የጋራው የማን ነው? የኮንዶሚኒየም ቤቶች ንድፍ፣ ባለቤትነትና ጉርብትና

በአዲስ አበባ ስለ ኮንዶሚኒየም በተወራ ቁጥር ሁለት ጥያቄዎች ይነሳሉ፤ ዕጣው መቼ ይወጣል፣ የወጣውስ ሳይጭበረበር ነው ወይ? ሁለቱም ያለ ምክንያት አልተነሱም። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. በ14ኛው ዙር የ25,791 ቤቶች ዕጣ ከወጣ በኋላ፣ ለዕጣ ብቁ ያልነበሩ ሰዎች በሥርዓቱ ውስጥ ተካትተው በመገኘታቸው የከተማ አስተዳደሩ ውጤቱን ሰርዞ በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና ለማውጣት ተገድዷል። ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ በኮሪደር ልማት ምክንያት ከፒያሳ፣ ከካሳንቺስና ከሌሎች ነባር ሰፈሮች የተነሱ ቤተሰቦች ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የጋራ መኖሪያ መንደሮች ሲገቡ ሦስተኛ ጥያቄ ተጨምሯል፤ እዚያ የገባው ሰው ባለቤት ነው ወይስ ተከራይ?

እነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ ቁልፍ እስከ መረከብ ድረስ ያለውን ጉዞ የሚመለከቱ ናቸው። ከቁልፉ በኋላ ያለው ግን በሕዝብ ውይይት ውስጥ ብዙም ቦታ አላገኘም። ደረጃው፣ ጣሪያው፣ የፍሳሽ ቱቦው፣ የውኃ ታንከሩ፣ ግቢውና የጋራ ማብሰያው የማን ናቸው? ማን ያድሳቸዋል? በምን ገንዘብ? ስለ ንድፍ፣ ስለ ባለቤትነትና ስለ ጉርብትና ተለያይተው የሚቀርቡት ቅሬታዎች ቢመረመሩ አብዛኞቹ ከዚህ አንድ ቦታ ይመነጫሉ፤ የኮንዶሚኒየም ፕሮግራሙ የግሉን ክፍል በዝርዝር ነድፎ፣ ተምኖና አስተላልፎ ሲያበቃ የጋራውን ክፍል በወረቀት ላይ ብቻ ባለቤት ሰጥቶታል።

ከትርፍ ቤት አዋጅ እስከ ገርጂ

የዛሬውን ኮንዶሚኒየም ለመረዳት ከሐምሌ 1967 ዓ.ም. መነሳት ያስፈልጋል። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ከለከለ፤ የማከራየትን ሥራም ከግለሰብ እጅ አወጣ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ገቡ። የቀበሌ ቤት ኪራይ ለአሥርት ዓመታት ሳይነካ በመቆየቱ ተከራዩ ዋጋው የማይንቀሳቀስ መጠለያ አገኘ፤ ቀበሌው ግን ከዚያ በሚሰበስበው ገንዘብ የቆርቆሮ ጣሪያ እንኳ መቀየር አቃተው። መጸዳጃው የጋራ፣ አጥሩ የጋራ፣ ቧንቧው የጋራ ሆኖ፣ የጥገናው ወጪ ግን የማንም ሳይሆን ቀረ። በኋላ ላይ በፎቅ ቤቶች የምናየው ችግር እዚህ ላይ አስቀድሞ ታይቶ ነበር ማለት ይቻላል።

በ1996 ዓ.ም. በከንቲባ አርከበ ዕቁባይ ይመራ የነበረው የከተማው ጊዜያዊ አስተዳደር በወቅቱ ጂቲዜድ ይባል ከነበረው የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጋር በቦሌ ገርጂ የሙከራ ግንባታ አካሄደ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ በብሎኬትና አስቀድመው በተመረቱ የወለል ክፍሎች በመጠቀም ዋጋን መቀነስ፣ ወደ ላይ በመሥራት መሬት መቆጠብ፣ የግንባታውን ሥራ ደግሞ በጥቃቅንና አነስተኛ ለተደራጁ ወጣቶች መስጠት። ሙከራው በቀጣዩ ዓመት የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም ወደሚባለው ሰፊ ሥራ ተሸጋገረ። የገንዘቡ ምንጭ በዋናነት ቦንድ ነው። ቦንድ ማለት ተበዳሪው ወለድ ጨምሮ በተወሰነ ጊዜ ለመመለስ የሚሸጠው የዕዳ ሰነድ ሲሆን፣ እዚህ ላይ ሻጩ የከተማ አስተዳደሩ፣ ገዢው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ነው። ባለ ዕድለኛው ቅድሚያ ክፍያውን ከከፈለ በኋላ ቀሪው ወደ ራሱ የባንክ ብድር ይዞራል።

በ2005 ዓ.ም. በተካሄደው ምዝገባ ፕሮግራሙ በሦስት ተከፈለ። 10/90 የወር ገቢያቸው ከ1,200 ብር ለማይበልጥ ሰዎች ታስቦ በወር 187 ብር የሚቆጠብበት የስቱዲዮ ቤት ነበር። 20/80 እንደ ቤቱ ስፋት ከ151 እስከ 685 ብር፣ 40/60 ደግሞ ከ1,033 እስከ 2,453 ብር ወርኃዊ ቁጠባ ይጠይቁ ነበር። የመጀመሪያው ቁጥር ነዋሪው አስቀድሞ የሚያዋጣው፣ ሁለተኛው ባንክ የሚያበድረው መቶኛ ነው። ለ20/80 ባለ ሦስት መኝታ በወር 685 ብር ለአምስት ዓመት የቆጠበ ሰው 41,100 ብር ይኖረዋል። ይህ ገንዘብ በ2005 ዓ.ም. የነበረው የመግዛት አቅምና በተለይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ያለው አቅም እጅግ የተራራቁ ናቸው። ቆጣቢው ግዴታውን በየወሩ ሲወጣ ቤቱ በዚያው ፍጥነት ስላልተሠራ፣ የመዘግየቱ ኪሳራ በአብዛኛው በቆጣቢው ላይ ወድቋል። በ2009 ዓ.ም. የሰንጋተራና የክራውን የ40/60 ቤቶች ሲተላለፉ ሙሉ ክፍያውን አስቀድመው ለከፈሉ ቅድሚያ መሰጠቱ፣ 40 በመቶውን በውሉ መሠረት በትጋት ሲቆጥቡ የነበሩትን ያስቆጣውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ንድፉ ምን አሰበ፣ ምን ረሳ?

የ20/80 ብሎኮች በአብዛኛው ከምድር ወለሉ በላይ አራት ፎቅ ያላቸው፣ በተለምዶ ጂ+4 የሚባሉ ናቸው። ቁጥሩ የተመረጠው ሊፍት ሳያስፈልግ ሊደረስበት የሚችል ከፍታ በመሆኑ ነው። ሊፍት ማስቀረት የግንባታውንም የጥገናውንም ወጪ ስለሚቀንስ፣ ለዝቅተኛ ገቢ ታስቦ ለተሠራ ቤት ውሳኔው አመክንዮ አለው። ዋጋው ግን በአንዳንድ ሰዎች ላይ ከሌሎች ይልቅ ይከብዳል። ከዕጣው 5 በመቶው ለአካል ጉዳተኞች እንዲሆን ቢወሰንም፣ ሊፍት በሌለው ብሎክ ውስጥ ለእነርሱ የሚሆነው ምድር ወለል ብቻ ነው፤ በመንገድ ዳር ባሉ ብሎኮች ደግሞ ምድር ወለሉ ለሱቅ ተትቶ በጨረታ የሚሸጥ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች በ35 ዓመታቸው ሦስተኛ ፎቅ የደረሳቸው ሰዎችም ዛሬ ከሃምሳ አልፈዋል፤ ወላጆቻቸውን አብረው የሚያኖሩ ከሆነ ደረጃው የዕለት ተዕለት ጭንቀት ነው።

የውስጥ ክፍፍሉ ስለ ከተማ ኑሮ አንድ ግምት ይዞ ነበር። ትንሽ ቤተሰብ ይኖራል፣ ከባዱ ሥራ ሁሉ ከቤት ውጭ ይሠራል የሚል ነው። ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያ፣ ለበዓል ዕርድና ለሐዘን መሰብሰቢያ የሚሆን አነስ ያለ ሕንፃ ከየተወሰኑ ብሎኮች መካከል ተሠራ፤ ነዋሪው ኮሙናል ይለዋል። ሐሳቡ የኢትዮጵያን ቤት አኗኗር ያላገናዘበ ነበር ማለት አይቻልም፤ እንዲያውም በዚህ በኩል ከብዙ አገሮች የሕዝብ ቤቶች የተሻለ ማስተዋል ነበረው። ክፍተቱ የተፈጠረው በአጠቃቀሙ ላይ ነው። ሊጡን ከአራተኛ ፎቅ አውርዶ፣ እንጀራውን በሰፌድ ተሸክሞ መመለስ አድካሚ በመሆኑ አብዛኛው ቤተሰብ የኤሌክትሪክ ምጣዱን በጠባቧ ኩሽና ወይም በበረንዳው ላይ አስቀመጠ። ሰው ያልተጠቀመበት ኮሙናል ደግሞ ባዶ አልቆየም፤ በየቦታው ወደ ሱቅ፣ ወደ መጋዘን፣ ወደ ሕፃናት ማቆያ ወይም ወደ ጽሕፈት ቤት ተለወጠ። ኪራዩን ማን እንደሚሰበስብና ለምን እንደሚውል ነዋሪው በግልጽ የማያውቅባቸው መንደሮች ጥቂት አይደሉም። የፋሲካ ዋዜማ ላይ በጉን ጎትቶ አራተኛ ፎቅ ያደረሰ ሰው ንድፉን ከማንም ባለሙያ በላይ ገምግሞታል።

ሌላው የንድፉ ባሕርይ ቤቱ ሳያልቅ መተላለፉ ነው። ዋጋን ለመቀነስ ሲባል ልስኑ፣ ወለሉ፣ ቀለሙና የኩሽና ዕቃው በከፊል ወይም በሙሉ ለነዋሪው ይተዋል። በዚህም ምክንያት ቁልፍ በተሰጠ ማግስት በአንድ ብሎክ ውስጥ ብዙ የተለያዩ አናጺዎች፣ ግንበኞችና የቧንቧ ሠራተኞች ያለ አንድ ተቆጣጣሪ ሥራ ይጀምራሉ። አንዱ ሳሎኑን ለማስፋት ግድግዳ ያፈርሳል፤ ሌላው በረንዳውን በአልሙኒየም ዘግቶ ክፍል ያደርገዋል፤ ሌላው መታጠቢያውን ወደ ሌላ ጥግ ያዞርና ቱቦውን በወለሉ ውስጥ ይቀብረዋል። የመኖሪያ ክፍሎቹን የሚለዩት ግድግዳዎች በአንዳንድ ሳይቶች አግሮስቶን በሚባለው ስስ ሰሌዳ የተሠሩ በመሆናቸው ማፍረሱ ቀላል ነው፤ ድምፅ ለማሳለፍም እንዲሁ። ለማጠናቀቂያ የሚወጣው ገንዘብ ለብዙ ቤተሰብ ከቅድሚያ ክፍያው ስለሚበልጥ፣ ዕጣ የወጣለት ሰው ቤቱን አከራይቶ በሌላ ቦታ በርካሽ ተከራይ ሆኖ ለመኖር ይገደዳል። ከዝቅተኛ ገቢው ነዋሪ ይልቅ የተሻለ ገቢ ያለው ተከራይ በኮንዶሚኒየም የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

መኪና ማቆሚያውም አለ። እቅዱ ሲወጣ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ መኪና ይኖረዋል ተብሎ ብዙም አልታሰበም። ዛሬ በብዙ መንደሮች ልጆች እንዲጫወቱበት የተተወው ግቢ በመኪና ተሞልቷል፤ አንዳንዱም የጋራውን መሬት በቆርቆሮ ከልሎ የግል ጋራዥ አድርጎታል። ይህን ለማስቆም ሥልጣን ያለው ማን ነው የሚለው ወደ ሕጉ ይወስደናል።

ባለቤትነት በሕጉና በተግባር

የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ ሕንፃ የሚለው በተናጠል ባለቤትነት የተያዙ አምስት ወይም ከዚያ በላይ ቤቶችና የጋራ መጠቀሚያዎች ያሉትን ሕንፃ ነው፤ የቆመበትን የመሬት ይዞታም ይጨምራል። በዚህ ሕግ መሠረት አንድ ሰው ኮንዶሚኒየም ሲኖረው ሁለት ነገር አለው። አንዱ በአራቱ ግድግዳ መካከል ያለው የግሉ ቤት ነው። ሁለተኛው በደረጃው፣ በጣሪያው፣ በቱቦውና በግቢው ላይ ከሌሎቹ ጋር በአንድነት ያለው የማይነጣጠል ድርሻ ነው። ድርሻው ከቤቱ ተለይቶ አይሸጥም፤ ማንም ‹‹እኔ ደረጃውን አልጠቀምም፣ ምድር ነኝ›› ብሎ ከጋራ ወጪው ሊወጣ አይችልም። ሁሉም ባለቤቶች አባል የሆኑበት፣ ሕጋዊ ሰውነት ያለው ማኅበር ይቋቋማል፤ መተዳደሪያ ደንብ ያወጣል፣ መዋጮ ይሰበስባል፣ የጋራውን ንብረት ያስተዳድራል።

በወረቀቱ ላይ ይህ ሥርዓት ጥሩ ነው። በተግባር ግን ማኅበሩ ሦስት ነገር ይጎድለዋል። የመጀመሪያው አባላቱን ማግኘት ነው፤ ባለቤቶቹ ብዙዎቹ በሕንፃው ውስጥ አይኖሩም። ሁለተኛው ገንዘብ ነው፤ የሚሰበሰበው የወር መዋጮ በአብዛኛው ለጥበቃ፣ ለጽዳትና ለደረጃ መብራት ብቻ የሚበቃ ሲሆን፣ ለጣሪያ ወይም ለዋና ቱቦ ቅያሬ የሚቀመጥ ገንዘብ ብዙ ጊዜ የለም። ሦስተኛው አስገዳጅነት ነው፤ መዋጮ እምቢ ያለን ሰው ፍርድ ቤት ለማቆም የሚወጣው ወጪ ከመዋጮው ስለሚበልጥ ማኅበሩን የሚመራው ኮሚቴ ማስታወቂያ ከመለጠፍ አያልፍም። ኮሚቴዎቹ ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ሰዎች መሆናቸውን ስናስብ የሚደንቀው ብዙ ማኅበራት መዳከማቸው ሳይሆን አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ መሥራታቸው ነው።

ባለቤቱ በግሉ ክፍል ላይም ቢሆን ያለው መብት ገደብ አለው። በዕጣ የተላለፈ ቤት ለአምስት ዓመት ለሦስተኛ ወገን እንዳይተላለፍ ተከልክሏል፤ የባንክ ዕዳ ያለበት ቤትም ለባንኩ መያዣ ነው። ክልከላው የተደገፈ ቤት ወዲያው ወደ ነጋዴ እጅ እንዳይገባ ለመከላከል የወጣ ሲሆን፣ ዓላማው ለመቃወም ያስቸግራል። ሆኖም ገበያው መንገድ አግኝቷል። ሻጭ ለገዢ በውልና ማስረጃ ፊት ውክልና ይሰጣል፤ በጓሮ ደግሞ የሽያጭ ወይም የብድር ውል ይፈራረማሉ፤ ጊዜው ሲደርስ ስም ይዞራል ተብሎ ይጠበቃል። አደጋው በሕጉ ውስጥ ያለ ነው። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ተቃራኒ ስምምነት ካልተደረገ በቀር ወካዩ ሲሞት ውክልናው ይቀራል፤ የዚሁ ሕግ አንቀጽ 1723 ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ይጠይቃል። ወራሾች ‹‹አናውቅም›› ሲሉ ገዢው የያዘው ወረቀት ዋጋው ይወርዳል። ለማኅበሩም ይህ ራሱን የቻለ ችግር ነው፤ በመዝገብ ላይ ያለው ባለቤት ሌላ፣ ገንዘቡን የከፈለው ሌላ፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ሌላ ሲሆን በስብሰባ ላይ ድምፅ የሚሰጠው የትኛው ነው?

በዚህ ላይ ከነባር ሰፈሮች በልማት የተነሱት ይጨመራሉ። የግል ይዞታ የነበረው ምትክ ቦታና ካሳ ይሰጠዋል፤ የቀበሌ ቤት ተከራይ የነበረው ደግሞ ኮንዶሚኒየም እንዲገዛ ወይም በምትክ የመንግሥት ኪራይ ቤት እንዲገባ አማራጭ ይቀርብለታል። ስለዚህ በአንድ ደረጃ ላይ በዕጣ የገዛ፣ በተነሺነት የገዛ፣ ከመንግሥት የተከራየ፣ ከግለሰብ የተከራየና በምድር ወለሉ ላይ በጨረታ ሱቅ የገዛ ሰው ጎን ለጎን ይኖራሉ። ብዙዎች ሁሉንም በአንድ ስም ‹‹የኮንዶሚኒየም ነዋሪ›› ማለታቸው ክርክሩን ያደናግረዋል። መንግሥት በሚያከራያቸው ቤቶች ላይ ባለቤቱ የከተማ አስተዳደሩ ራሱ ስለሆነ፣ በአዋጁ አመክንዮ የጋራ ወጪውን ድርሻ መክፈል ያለበትም እርሱ ነው። ይህ ነጥብ በተነሺዎች ጉዳይ ላይ ሲነሳ አይሰማም፤ መነሳት ግን ነበረበት፤ ምክንያቱም ከተማው ራሱ ካልከፈለ ሌላውን ክፈል ለማለት የሚያስችል ድምፅ አይኖረውም።

አንድ ቱቦ፣ አራት ሰው

ይህ ሁሉ በተጨባጭ ምን እንደሚመስል ለማየት በማንኛውም መንደር የሚታወቀውን የፍሳሽ ጉዳይ መውሰድ ይበቃል። በሦስተኛ ፎቅ ያለው መታጠቢያ ያንጠባጥባል፤ ውኃው በሁለተኛው ፎቅ ኩሽና ኮርኒስ ላይ ቢጫ ክብ ይሠራል፣ ቀጥሎም ልስኑ ይረግፋል። የሁለተኛ ፎቅ ነዋሪ ወደ ላይ ወጥታ ስታንኳኳ በር የሚከፍተው ተከራይ ነው፤ ‹‹አከራዬን ጠይቂ፣ እኔ የማፈርስበት ሥልጣን የለኝም›› ይላታል፤ እውነቱንም ነው። አከራዩ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ነው፤ ስልኩን የሚያነሳው በውክልና ኪራይ የሚሰበስበው ወንድሙ ነው፤ ወንድምየውም ቤቱ ሲታደስ ስላልነበረ ቱቦው በየት እንደሚያልፍ አያውቅም። ቧንቧ ሠሪው መጥቶ የሚያንጠባጥበው የቤቱ መስመር ሳይሆን ከላይ እስከ ታች የሚወርደው ዋናው ቱቦ ነው ካለ፣ ጉዳዩ ከግል ወደ ጋራ ይዞራል፤ ኮሚቴው ደግሞ ገንዘብ የለኝም ይላል። ወረዳው ጉዳዩ የማኅበሩ ነው ብሎ ይመልሳል። የሁለተኛ ፎቅ ነዋሪዋ በመጨረሻ የሌላ ሰው ቱቦ በራሷ ገንዘብ ታስጠግናለች፣ ወይም ከኮርኒሱ ሥር ባልዲ ታስቀምጣለች።

እዚህ ታሪክ ውስጥ በግልጽ ያጠፋ ሰው የለም። የሥራ ተቋራጩ ሕንፃውን ካስረከበ በኋላ ሄዷል፤ ያደሰው ግንበኛ አይታወቅም፤ የሕንፃው የቧንቧ መስመር ንድፍ በማኅበሩ እጅ የለም። የመጨረሻው ነጥብ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ብሎክ ማኅበር የተገነባበትን ንድፍ ቅጂ መስጠት ብቻ ብዙ ወለል በከንቱ ከመሰበር ያድን ነበር።

በ40/60 ሕንፃዎች ጉዳዩ ይብሳል። እነዚህ ረጃጅም ስለሆኑ ሊፍት፣ የውኃ ፓምፕና ጄኔሬተር አላቸው። ሊፍት በቆመ ቁጥር መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። የአምስተኛና የአሥረኛ ፎቅ ነዋሪ ለሊፍቱ እኩል መክፈል አለባቸው ወይ የሚለው ክርክር በየስብሰባው ይነሳል፤ መልሱ በማኅበሩ ደንብ ውስጥ አስቀድሞ መጻፍ ሲኖርበት ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ጉርብትና ያለ ደጃፍ

ከነባር ሰፈር የመጣ ቤተሰብ አዲሱን ቤት ከጥራቱ በፊት በጎረቤቱ ይመዝነዋል። በቀበሌ ግቢ ውስጥ ዕቁቡ፣ ዕድሩ፣ የሱቅ ዱቤውና ልጅን ለጎረቤት አደራ ብሎ መውጣቱ ከቤቱ ያልተናነሰ ሀብት ነበር። ዕጣ ይህን ሀብት ይበትነዋል፤ ምክንያቱም ዕጣ በተፈጥሮው የማይተዋወቁ ሰዎችን ነው በአንድ ደረጃ ላይ የሚያገናኘው። በልማት የተነሱ ሰዎች አብረው ወደ አንድ መንደር ሲዛወሩ ይህ ጉዳት በከፊል ይቀንሳል፤ የአንድ ሰፈር ሰዎችን በአንድ ብሎክ ማስገባት ምንም ወጪ የማይጠይቅ ውሳኔ በመሆኑ ሁልጊዜ አለመደረጉ ያሳዝናል።

አዲሶቹ መንደሮች ግን ያለ ማኅበራዊ ኑሮ አልቀሩም። በጀሞ፣ በየካ አባዶና በቦሌ አራብሳ አዳዲስ ዕድሮች ተቋቁመዋል፤ ብዙ ጊዜም ከባለቤቶች ማኅበር ይልቅ ዕድሩ የተሻለ ይሰበስባል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዕድር ያልከፈለ ሰው በሐዘኑ ቀን ድንኳን አይተከልለትም፤ የጣሪያ መዋጮ ያልከፈለ ሰው ግን ከሌላው ጋር እኩል ይፈስበታል ወይም እኩል ይደርቃል። ደግሞም ዕድር ተከራይንም ይቀበላል፣ የባለቤቶች ማኅበር ግን በሕጉ የባለቤቶች ነው። አዋጁ ሲሻሻል ተከራዮች ቢያንስ በጽዳት፣ በድምፅና በደኅንነት ጉዳዮች ላይ የሚደመጡበት መንገድ ቢከፈት ማኅበሩ በሕንፃው ውስጥ የሚኖሩትን ሰዎች ያገኛል።

ዕለታዊዎቹ ግጭቶች ትናንሽ ናቸው፤ ሌሊት የሚወቀጥ ቡና፣ በደረጃው ላይ የሚሰጣ በርበሬ፣ ከበረንዳ የሚወርድ የእጥበት ውኃ፣ በመተላለፊያው የተደረደረ ጀሪካን። ጀሪካኑ ራሱ ምልክት ነው። የውኃ ግፊቱ ላይኛው ፎቅ አይደርስም፣ ውኃውም በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ አቅም ያለው ሮቶ ገዝቶ ጣሪያ ላይ ወይም በረንዳ ላይ ያስቀምጣል፣ የሌለው ከታች ይቀዳል። የሮቶዎቹ ክብደት በሕንፃው ስሌት ውስጥ መግባቱን ያረጋገጠ አካል መኖሩ ግን በአብዛኛው አይታወቅም። ስለዚህ ‹‹ሥነ ሥርዓት የጎደለው ነዋሪ›› ተብሎ የሚቀርበው ነገር ብዙ ጊዜ የመሠረተ ልማት ጉድለት ነው።

የከተማው ዳርና የገበሬው ጥያቄ

የመሬት ዋጋ ትላልቆቹን ሳይቶች ወደ ቂሊንጦ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ገፍቷቸዋል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ወደ አያትና ወደ ቃሊቲ ቢዘልቅም እነዚህን መንደሮች አያገኛቸውም። በአውቶቡስና በታክሲ ላይ የተመሠረተው የጠዋትና የማታ ጉዞ የርካሽ ቤትን ጥቅም ቀስ በቀስ ይበላዋል።

የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. የ51,229 ቤቶች ዕጣ ሲወጣ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ መካከል ወሰኑ በሚያከራክረው በኮዬ ፈጬ ጉዳይ በኦሮሚያ ከተሞች የተነሳው ተቃውሞ ሌላኛውን ጎረቤት አሳይቷል፤ መሬቱን የለቀቀውን ገበሬ። በወቅቱ በነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 በቋሚነት የተነሳ ገበሬ የሚከፈለው ካሳ የዓመታዊ አማካይ ገቢው አሥር እጥፍ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይህን ወደ አሥራ አምስት እጥፍ ከፍ አደረገው። የአስተዳደር ወሰን ክርክሩ ራሱን የቻለ ሰፊ ጉዳይ ነው። ለዚህ ጽሑፍ የሚበቃው፣ ካሳው የተሰላው በእህሉ ላይ ሲሆን ከመሬቱ የተገኘው ጥቅም ግን የከተማ ቦታ ጥቅም መሆኑ ነው፤ ቅሬታው በዚህ ልዩነት ውስጥ ይኖራል።

የሚቀርቡት መፍትሔዎች

ፕሮግራሙን የሚደግፉ ሰዎች፣ ያለ እርሱ በመካከለኛ ገቢ የሚኖር የአዲስ አበባ ቤተሰብ ቤት የሚያገኝበት መንገድ እንዳልነበረ፣ ከዕጣው 30 በመቶ ለሴቶች መመደቡም በስማቸው ንብረት ያልነበራቸውን ብዙዎች ባለቤት እንዳደረገ ያስረዳሉ፤ ይህ እውነት ነው። ተቺዎቹ ድጎማው ወደ ድሃው ሳይደርስ በዕጣና በሽያጭ በኩል ወደ ሌላ እጅ ያልፋል ይላሉ፤ ይህም እውነት ነው። ከእነርሱ መካከል ከፊሉ መንግሥት ባለቤት ማድረጉን ትቶ በተመጣጣኝ ዋጋ ያከራይ የሚለውን ሐሳብ ይመርጣል። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የግል ኪራይን ቢያንስ ለሁለት ዓመት ውል ማስገዛቱ የተከራይነትን ኑሮ ለማረጋጋት የታሰበ ሲሆን፣ ከተማውም ከግል አልሚዎች ጋር በመጣመርና ተመዝጋቢዎችን በኅብረት ሥራ ማኅበር በማደራጀት ሌሎች መንገዶችን እየሞከረ ነው። የመንግሥት ኪራይ ግን ለጥገና የሚበቃ ገቢ ካላስገኘ የቀበሌን ቤት ታሪክ በፎቅ መድገም ይሆናል።

በጋራው ንብረት ላይ ሦስት ሐሳቦች ይቀርባሉ። ወረዳው ይረከበው የሚለው ፈጣን ይመስላል፤ ሆኖም በቀበሌ ቤቶች አንድ ጊዜ ተሞክሮ ውጤቱ ታይቷል። ሙያዊ የሕንፃ አስተዳዳሪ ድርጅት ይቀጠር የሚለው ለ40/60 ሊሠራ ይችላል፤ ለ10/90 ግን ክፍያው ይከብዳል። ማኅበሩን በሕግ ማጠናከር የሚለው ረጅሙ መንገድ ቢሆንም ከሁሉ የተሻለ ይመስለኛል። ለምሳሌ ቤት ሲሸጥ ስም ከመዞሩ በፊት የማኅበር ዕዳ እንደሌለበት የሚያረጋግጥ ወረቀት ቢጠየቅ፣ ያልተከፈለ መዋጮ በቀላል ሥነ ሥርዓት የሚታይበት ችሎት ቢኖር፣ ከእያንዳንዱ ወርኃዊ የባንክ ክፍያ ጋር አነስተኛ የጥገና ቁጠባ አብሮ ቢሰበሰብ፣ ማኅበሩ ዛሬ የጎደለውን ገንዘብና አስገዳጅነት ያገኛል። የመጨረሻው ሐሳብ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ባንኩ አስቀድሞ ከእያንዳንዱ ባለ ዕዳ ገንዘብ የሚሰበስብበት መስመር ስላለው አዲስ ሰብሳቢ ማቋቋም አያስፈልግም።

ይህ መስመር ግን እየተዘጋ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ቁልፍ የተረከቡት የመጀመሪያዎቹ ባለቤቶች እስከ 20 ዓመት የሚደርሰውን ብድራቸውን በእነዚህ ዓመታት እየከፈሉ እየጨረሱ ነው። ዕዳው ሲያልቅ ባንኩ መያዣውን ይለቃል፣ ባለቤቱም ቤቱን በነፃነት ይሸጣል። በዚያው ጊዜ የእነዚያ ብሎኮች ቆርቆሮ፣ የፍሳሽ ቱቦና የኤሌክትሪክ መስመር ሃያ ዓመት ይሞላቸዋል። የጥገና ቁጠባውን ከብድሩ ጋር ማያያዝ ለገርጂና ለእኩዮቹ ሳይዘገይ አልቀረም፤ ለቦሌ አራብሳና ለኮዬ ፈጬ ግን ከብድሩ ዘመን ገና ከአሥር ዓመት በላይ ይቀራል፤ ወደፊት ዕጣ ለሚወጣባቸው ቤቶች ደግሞ በመጀመሪያው ውል ላይ አንድ አንቀጽ መጨመር ይበቃል።